ማደርና ማደግ፦ ከመቅደላ የወረዱ ልጆችና የአዳሪ ትምህርት ቤት ጥያቄ

እሑድ ከሰዓት በኋላ በወሎ አጅባር መግቢያ ላይ የቆመ ሰው ከገጠር የሚመጣውን ተማሪ በሸክሙ ይለየዋል። በማዳበሪያ የታሰረ ድርቆሽ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ፣ በሶ፣ አልፎ አልፎም በጀርባ የታዘለ ማገዶ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲቆም ዩኒፎርሙ ከከተማው ልጅ ጋር ያመሳስለዋል፤ እሑድ ግን ሸክሙ ያጋልጠዋል። ማታ የሚገባው ሦስት አራት ሆነው ወደተከራዩት የጭቃ ቤት ነው። አንድ መደብ፣ መደቡ ላይ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ የደብተር ፌስታል። ድርቆሹ እስከ ረቡዕ ያዘልቃል፤ ሐሙስን በበሶ ይወጡታል፤ ዓርብ ትምህርት ሲለቀቅ ስንቅ ለማምጣት በእግር ወደ አገር ቤት ነው።

ይህን ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ብሎ የሚጠራው የለም። ደወል የለውም፣ መዝገብ የለውም፣ ጠባቂ መምህር የለውም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሌላ ነው፤ የድንጋይ ግንብ፣ የለመለመ ሜዳ፣ የተመረጡ ልጆች። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም በመጀመሪያ ደረጃ ያ ግንብ ነው፤ ጉርምስናና መደብ እዚያ ውስጥ ሲገናኙ ልጁ ላይ ምን እንደሚደርስ። ሆኖም ነገሩን ለመመርመር ከዚህ ደጋ መራቅ አያስፈልግም። በተንታ በኩል ከባሽሎ ገደል በላይ መቅደላ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከዚያ አምባ የወረዱ ሦስት ልጆች፣ እያንዳንዳቸው በሌላ ሰው ቤት ያደሩና ያደጉ፣ ስለ አዳሪ ትምህርት ብዙ የሚያስተምሩን ይመስለኛል።

አስቀድሞ ግን ቃሉ። አማርኛ «አደረ» ሲል ሌሊቱን አሳለፈ ማለቱ ብቻ አይደለም። ለጌታ ያደረ ሰው አገልጋይ ነው። አርሶ አደር፣ ገብሮ አዳሪ፣ ወዛደር የሚሉት ስሞች የሰውን ኑሮ በማደሪያው ይሰይማሉ። አንድ ሰው የት እንደሚያድር የሚናገረው ቃል ለማን እንደሚያድርም ጨምሮ ይናገራል። «መደብ»ም እንዲሁ ነው፤ ኅብረተሰቡ የሚከፈልበት ደረጃና ተማሪው የሚተኛበት የጭቃ ከፍታ በአንድ ቃል ይጠራሉ። «ልጅ» ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከስም በፊት ሲገባ፣ ልጅ ኢያሱ እንደምንለው፣ ዕድሜን ትቶ የትውልድ ማዕረግን ያመለክታል። የመኳንንት ልጅ ጢም ካበቀለ በኋላም «ልጅ» ነው፤ የገባር ልጅ ግን ክንዱ ለሞፈር ሲጠና ልጅነቱ ያበቃል። ጉርምስና በተፈጥሮ ለሁሉም ይመጣል፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚወስነው ግን መደብ ነው። ተምሮ፣ ዘግይቶ፣ ሳይሠራ የሚቆይበት የወጣትነት ዘመን በየትም አገር በመጀመሪያ የጌቶች ልጆች ነበር።

የመጀመሪያው ልጅ ምኒልክ ነው። በ1848 ዓ.ም. አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቶ ሸዋ ለቴዎድሮስ ሲገብር አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል፣ ማለትም ሙሉ ጉርምስናውን፣ በቴዎድሮስ እጅ አሳለፈ፤ ዋናው ማረፊያውም መቅደላ ሆነ። ግዞት ነው፣ ግን ተራ እስር አልነበረም። ደጃዝማች ተባለ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ አልጣሽን አገባ፣ አገር እንዴት እንደሚገዛና እንዴት እንደሚበላሽ ከቅርብ አየ። ይህ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ አምባሰል ውስጥ ያለው ግሸን የነገሥታት ልጆች ተለይተው የሚቀመጡበት አምባ ነበር። በየመኳንንቱ ግቢም የባላባት ልጅ በሌላ ጌታ ቤት ብላቴና ሆኖ ያድግ ነበር፤ ጋሻ ይሸከማል፣ በቅሎ ይስባል፣ ውኃ ያስታጥባል። ለመታዘዝ የሚላከው ማዘዝን እንዲማር ነው። ልጅን ከወላጅ ነጥሎ፣ ከእኩዮቹ ጋር አስቀምጦ፣ ለገዢነት ማሳደግን ከአውሮፓ አልተዋስነውም ለማለት ነው ይህን የምጠቅሰው።

ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. በሌሊት ከአምባው አመለጠ። መንገዱ በወሎ ነበርና የወሎዋ ገዢ ወርቂት ተቀብላ ወደ ሸዋ አሳለፈችው። የራሷ ልጅ ግን በዚያው መቅደላ ላይ መያዣ ነበር። ቴዎድሮስ ያ ልጅ ከገደሉ እንዲወረወር አዘዘ። ሦስት ልጆች ወረዱ ብዬ ስጀምር እርሱን አልቆጠርኩም፤ አወራረዱ የተለየ ነው። ነገር ግን መደብ በልጅ አካል ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ለዚያ ክብርም ለዚያ ሞትም ያበቃው የእናቱ ልጅ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ልጅ ዓለማየሁ ነው፤ የቴዎድሮስ ልጅ። በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት በእንግሊዝ ጦር ተሸነፈ፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አባቱ ራሱን ገደለ። ልጁ ሰባት ዓመት አልሞላውም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ በግንቦት ወር መንገድ ላይ አርፋ ጨለቆት ተቀበረች። ከዚያ በኋላ ልጁን የያዘው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ይህ ሰው ቀድሞ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አገሬው ባሻ ፈለቀ ብሎ የሰየመው፣ አማርኛ የሚናገር እንግሊዛዊ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ዋይት በተባለው ደሴት ላይ ሁለቱን ፎቶግራፍ አንሥታቸዋለች። ልጁ የአገሩን ልብስ ለብሷል፤ ዐይኑ ካሜራውን አያይም። ሥዕሉ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለእኔ ግን አሁንም ከሰልፍ መሐል ተነጥሎ እንደተጠራ ተማሪ ይመስለኛል።

ስፒዲ በሥራ ወደ ሕንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ። ለንደን ውስጥ ግን ክርክር ተነሣ። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁ ከሚወደው ሰው ጋር ቢቆይ ትመርጥ ነበር፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ግን ወጪውን የሚከፍለው መንግሥት ስለሆነ እንግሊዝ አገር ገብቶ እንደ ጨዋ ልጅ ይማር አለ። የሎው ሐሳብ ጸና። ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለቸልተናም ኮሌጅ ርእሰ መምህር ለዶክተር ቶማስ ጄክስ ብሌክ በአደራ ተሰጠ፤ መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1874 የረግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆን ልጁም ተከትሎት ሄደ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ከስፒዲ ሲለይ በአጠገቡ አማርኛ የሚናገር ሰው አልቀረም። ትምህርት ቤቱ ቋንቋውን ከልክሎት አይደለም፤ የሚያናግረው ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው። አንድ ልጅ በሰባት ዓመቱ የያዘው አማርኛ ለልመናና ለጨዋታ ይበቃል፤ ለጉርምስና ግን አይበቃም። እልህን፣ ይሉኝታን፣ ኩርፊያን፣ ናፍቆትን በአዋቂ አንደበት መናገር የሚለመደው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱ ያን ሁሉ የለመደው በባዕድ ቋንቋ ነው።

ረግቢ ተራ ትምህርት ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1567 ተመሥርቶ፣ ከ1828 ጀምሮ በመራው በቶማስ አርኖልድ ስም የገነነ፣ በቶማስ ሂዩዝ የ1857 ልብ ወለድ ዓለም ሁሉ ያወቀው ነው። መቅደላ በወደቀበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ረግቢን ጨምሮ ሰባት ታላላቅ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩበትን ሕግ አወጣ። ያው መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ የገዢ መደቡን ልጆች የሚቀርጽበትን ቤት በሕግ አደላደለ፤ የሌላ አገር ገዢን ልጅም ከአምባው አወረደ። ሁለቱን ያገናኘ ሤራ ነበር ማለቴ አይደለም። ልጁ የገባው ግን እንዲህ ወዳለ ማሽን ነው።

የማሽኑ አሠራር ለሐበሻ አንባቢ ያን ያህል እንግዳ አይሆንም። ትንሹ ተማሪ ትልቁን ያገለግል ነበር፤ ዳቦ ይጠብሳል፣ ይላላካል፣ ክፍል ያጸዳል። ትልቁ በትንሹ ላይ ሥልጣን ነበረው፤ ይቀጣል፣ ያዛል። የብላቴናነት ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ በጌታው ምትክ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ መኖሩ ብቻ። በዚህ ላይ ጨዋታ አለ። በእግርም በእጅም የሚጫወቱት የረግቢ ኳስ ጉልበትን ወደ ሥነ ሥርዓት፣ እልህን ወደ ወገን ፍቅር ይለውጣል ተብሎ ይታመን ነበር። የመምህሮቹ ዘገባ እንደሚለው ዓለማየሁ በመጽሐፍ ዝግ ያለ፣ በጨዋታ ግን ጎበዝ ነበር። ይህን ዘገባ ብዙዎች የልጁ ተሰጥኦ ማስረጃ አድርገው ያልፉታል። እኔ ሌላ ነገር አነብበታለሁ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ውስጥ አባትህ ማን ነው፣ ርስትህ የት ነው ተብሎ ሳይጠየቅ እኩል የሚሰለፍበት ቦታ ሜዳው ብቻ ነበር። ላቲን ዘመዶቹ ላቲን የሚችሉበት ቤት ላለው ልጅ ይቀላል።

የክርክሬ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ታላቅ አዳሪ ትምህርት ቤት መደብን ከባዶ አይፈጥርም። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን መደብ ወስዶ፣ አስጨንቆ፣ አጠንክሮ ይመልሰዋል። የእንግሊዙ ባላባት ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ተዋርዶ ዳቦ ሲጠብስ ውርደቱን የሚያስችለው በገና ዕረፍት የሚጠብቀው የአባቱ ግቢ ነው። ውርደቱ ብድር ነው፤ ይመለስለታል። የዓለማየሁ ግን ሌላ ነው። ማዕረግ አለው፣ ልዑል ይሉታል፤ ማዕረጉ የሚያርፍበት መሬት ግን የለም። እናቱ ጨለቆት፣ አባቱ መቅደላ፤ ወጪው በለንደን ገንዘብ ቤት። የዕረፍት ደወል ሲደወል ሻንጣዎች ሁሉ ወደ የቤታቸው ይጫናሉ፤ የእርሱን ሻንጣ አድራሻ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው «ባዳ» ይለዋል። ባዳነት ከድህነት ይለያል፤ ድሃ ዘመድ አለው።

ከዚያ ሳንድኸርስት ጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተመቸውም፣ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ አጠገብ ሄዲንግሊ በሚባል ቦታ፣ ቀድሞ ካስተማረው ከሲረል ራንሰም ዘንድ ሳለ በሳንባው ሽፋን ታሞ ኖቬምበር 14 ቀን አረፈ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻዋ ላይ አንድም ዘመድ በሌለበት በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱ እንዳሳዘናት፣ ሕይወቱ ደስታ የራቀው እንደነበር፣ በቀለሙ ምክንያት ሰው የሚያፈጥጥበት ይመስለው እንደነበር ጽፋለች። ኀዘኗ የእውነት ነው፤ እጠራጠረውም ዘንድ ምክንያት የለኝም። አገላለጹን ግን እንመልከት። ማፍጠጡ በልጁ ሆደ ባሻነት ተተረጎመ፤ ይመስለው ነበር ተባለ። በመቶ ከሚቆጠሩ ነጭ ልጆች መሐል ብቻውን የቆመ ጥቁር ጎረምሳን ሰው አላፈጠጠበትም ብሎ ማን ያምናል? የጉርምስና ዋና ሕመም መታየት ነው። ሁሉም ጎረምሳ ሰው ሁሉ እርሱን የሚያይ ይመስለዋል፤ እርሱን ግን በእርግጥ ያዩት ነበር።

ስለ ዓለማየሁ የተጻፈው በአብዛኛው ስለ አጽሙ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ የተቀበረውን አጽም ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ እንዲመለስ ጠይቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የቤተ መንግሥቱ ምላሽ የሌሎችን ማረፊያ ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የጸጉሩ ቁራጭ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ለንደን ላይ ተሰጠ። አንድሩ ሄቨንስ በዚያ ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ የልጁንና የመቅደላን ዝርፊያ ታሪክ አጣምሮ ይዟል፤ ኤሊዛቤት ሌርድም እ.ኤ.አ. በ2012 ለወጣቶች ልብ ወለድ ጽፋለታለች። የዝርፊያው አተያይ ጉልበት አለው፤ ነገር ግን ልጁን ከጽዋዎቹና ከብራናዎቹ ጋር ይደረድረዋል። ዕቃ አያድግም። ዓለማየሁ ግን አድጓል፤ ድምፁ ጎርንኗል፣ ቁመቱ ረዝሟል፣ አንድ ነገር ጠልቶ ሌላውን ወድዷል፣ ከሳንድኸርስት ለመውጣት በራሱ ፈቅዷል። ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤቱ ሳንጠይቅ ስለ መቃብሩ ብቻ ብንጠይቅ የኖረውን አሥራ አንድ ዓመት ደግመን የምንወስድበት ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ልጅ ማንም ማዕረጉን አልጠየቀውም። ወርቅነህ እሸቴ መቅደላ ሲወድቅ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። በግርግሩ ከወገኖቹ ጠፍቶ አንድ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ሕንድ ወሰደው፤ መኮንኑ ሲሞት ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ላሆር በሕክምና ኮሌጅ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ፤ በርማ ውስጥ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ከዓድዋ ድል በኋላ አገሩ ገባ፤ አያቱ በልጅነት ጠባሳው እንዳወቁት ይተረካል። ሐኪም ወርቅነህ የሆነው ያኔ ነው።

ሁለቱን ልጆች ሳነጻጽር ድህነት ከክብር ይሻላል ለማለት አይደለም። ወርቅነህም አማርኛውን አጥቶ ነበር፤ ስሙም ተለውጦ ነበር። ነገር ግን ሚሲዮኑ ከእርሱ የፈለገው ሙያ ነው። ሙያ ከሰው ጋር ይጓዛል፤ መርፌና መድኃኒት በየትም አገር ያበላል። ረግቢ ከዓለማየሁ የፈለገው ጨዋነትን ነበር፤ ጨዋነት ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች ባሉበት ብቻ የሚሠራ ገንዘብ ነው። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት እንዲመራው የተመረጠው ይኸው ከመቅደላ የተነሣው ልጅ ሆነ። በዚያ ትምህርት ቤት የመኳንንቱንም የሌላውንም ልጆች ዘመናዊ ትምህርት የመራው ቤቱን በሦስት ዓመቱ ያጣ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሌላም ማነጻጸሪያ አለን፤ ከዘመናዊው ቤት በፊት የነበረ። በሳይንት እንደ ተድባበ ማርያም ባሉ ጥንታዊ ደብሮች ጥላ ሥር የቆሎ ተማሪ በሣር ጎጆ ያድር ነበር፤ በወሎ ጀማ ንጉሥና ዳና ደግሞ ደረሳው በሸኹ ዙሪያ ያድር ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ተማሪ የባለጸጋ ልጅም ሊሆን ይችላል። አባቱ በግ ቢያርድለት እንኳ ቀፈፋው አይቀርለትም፤ መለመን የትምህርቱ አካል ነውና። የረግቢው ውርደት ወደ ማዘዝ ያደርሳል፤ ይህኛው ሰው ሁሉ ከደጅ የሚበላ መሆኑን ያለማምዳል። በዚህ ተደስቼ ሥርዓቱን ላሞግሰው አልፈልግም። ረሃቡ፣ እከኩ፣ በየመንገዱ የቀረው ልጅ ብዙ ነው፤ ሴት ልጅም በአብዛኛው ቦታ አልነበራትም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ተማሪውን የሚያበላው የዚያው አካባቢ ገበሬ ነው። ተማሪው ከሚያስተዳድረው ሕዝብ ተለይቶ አልተማረም፤ በየደጁ ቆሞ ፊቱን ያውቀዋል።

ከጣሊያን መባረር በኋላ የተከፈቱት፣ ኮተቤ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃና ጄኔራል ዊንጌት፣ የእንግሊዙን ቅርጽ ይዘው የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ተማሪው በፈተና ከየክፍለ ሀገሩ መለቀሙ ነው። ከኢሉባቦር የመጣው ደራሲ በዓሉ ግርማ ዊንጌት አዳሪ ሆኖ መማሩ የዚህ ምሳሌ ነው። ያ ትውልድ አልጋ፣ ሹራብና ሥጋ ወጥ አግኝቶ፣ ዕረፍት ሲሆን ድርቆሽ ወደሚበላበት ቤት ይመለስ ነበር። የእንግሊዙ ልጅ ከጨካኝ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ምቾት ይመለሳል፤ የኛው ከምቾት ወደ እውነት ይመለሳል። ይህ መንገድ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ ለወጣው ተማሪ ምን ያህል እንዳዋጣ በቂ ጥናት ይገባዋል ባይ ነኝ። አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በኅዳር 1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ የጻፈው ዋለልኝ መኮንንም የወሎ ልጅ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተመልሶ መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ልጆችን መርጦ የሚያሳድሩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ስም ከፍ ብሎ ይሰማል፤ መቐለ ካላሚኖ፣ ደብረ ብርሃን ኃይሌ ማናስ። ውጤታቸው ያማረ ነው፤ የድሃ ልጅም በነፃ ይገባባቸዋል፤ ይህን የሚጠላ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ መመዘኛው ነው። ስንት ልጅ አሳለፈ ብለን እንጠይቃለን። ዓለማየሁን ያነበበ ሰው የሚጠይቀው ግን የዕረፍቱን ነው፤ ደወሉ ሲደወል ልጁ ወዴት ይሄዳል? ሄዶስ ከእናቱ ጋር በምን ቋንቋ፣ ስለ ምን ይነጋገራል? ጥሩው ተማሪ ከተወሰደ በኋላስ የመካነ ሰላምና የአጅባር ክፍል ውስጥ የቀረው ልጅ ሒሳብ የሚያስረዳው ጓደኛ ማን ይሆንለታል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደዚያ የጭቃ ቤት ልመለስ። እሑድ ማታ ነው። አራቱም ስንቃቸውን አራግፈዋል። የአንደኛው እናት ከድርቆሹ ጋር ለብቻው በጨርቅ የቋጠረችው ጥሬ ሥጋ የሚመስል ነገር አለ፤ ቋንጣ ነው። ጨርቁን ፈትቶ ወደ ድስቱ ይጨምረዋል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የ12ኛው ክፍል ልጅ መደቡ ላይ ተጋድሞ በስልክ መብራት ሎጋሪዝም ያስረዳል፤ የ9ኛው ልጅ እሳቱን እፍ እያለ ይሰማዋል። ጭሱ ሁለቱንም ያስለቅሳቸዋል። ዓርብ የሁለቱም መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ትልቁ ወደ ቀኝ፣ ትንሹ ወደ ግራ።